በራሱ የሚነሳ ድምፅ

ድምፁ በራሱ እንዲነሳ ያለችው ቃልኪዳን ናት። ማንም አላስገደዳትም፤ እንዲያውም የሥራ ባልደረባዋ ሙሐዲን «ይቅርብሽ» ብሏት ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ሁለቱ የሚሠሩት ከጣና ዳር፣ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ፣ ከአንድ የቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ ሁለት ጠረጴዛ፣ እንደ አኩራፊ አማት ሲፈልገው የሚመጣ ሲፈልገው የሚጠፋ ኢንተርኔትና የሐይቁን ቁራጭ የምታሳይ መስኮት አላት። ከዚያች ክፍል አንዲት ትንሽ የዜና ድረ ገጽ ትወጣለች። አንባቢዋ ብዙ አይደለም፤ ያለው ግን ጀምሮ የሚጨርስ አንባቢ ነው። ቃልኪዳን ትጽፋለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ድምፅ ትቀርጻለች። ሙሐዲን አዘጋጅ ነው። ቤተሰቦቹ ወረታ ላይ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴዎች ስለሆኑ «አባትህ ጨርቅ ይቆርጣሉ፣ አንተ ዓረፍተ ነገር ትቆርጣለህ» እያለች ትቀልድበታለች።

ነገሩ የጀመረው ጣናን በወረረው በእንቦጭ ነው። ስለዚህ አረም ያልጻፈ ጋዜጠኛ የለም። ከመብዛቱ የተነሳ ሰው ርእሱን አይቶ ማለፍ ለምዷል። ታዲያ በዚያ ሰሞን ከከተማው ወጣ ብላ በሐይቁ ዳር ባለች መንደር ሀዲስ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ሞተ። ታንኳው አረም ውስጥ ተቀርቅራ ሊያስለቅቃት ሲታገል ተገለበጠች፤ ዋናተኛ ነበር፣ ነገር ግን ሥሩ ከእግሩ ተጠምጥሞ አላወጣው አለ። ቃልኪዳን ወሬውን እንደሰማች መቅረጫዋንና ካሜራዋን ይዛ ለቅሶው ቤት ሄደች።

እዚያ የተቀበሏት የሟቹ አጎት አቶ አካሉ ናቸው። ጋዜጠኛ መሆኗን ስትነግራቸው አልተቆጡም።

«አንሺ ልጄ፤ እኛም ሰው ይይልን ነው የምንል» አሏት። «ይህ አረም መረባችንን ጨረሰ፣ አሁን ደግሞ ሰው መብላት ጀመረ። አንድ ነገር ብቻ አደራ እልሻለሁ። የሀዲስ እህት ባንቺአየሁ ከሐይቁ ማዶ፣ ቆላ ድባ ነው ያገባች። አራስ ናት። ልጁ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ መርዶውን ይዘነዋል። ስሙንም አገራችንንም እንዳታወጪ።»

«አደራዎን ተቀብያለሁ» አለች ቃልኪዳን። ከልቧ ነው ያለችው።

መርዶ ምን እንደሆነ የሚያስረዳት አያስፈልጋትም ነበር። እናቷ የመራዊ ሰው ናት። አያቷ የሞቱ ጊዜ፣ ቃልኪዳን ለትምህርት ቤት ስትዘጋጅ ጎረቤቶች ገና በማለዳው ያለወትሯቸው ተሰብስበው ገቡ። ሁለት ሴቶች እናቷን በግራና በቀኝ ክንዷን ያዟት። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ሽማግሌ የተናገሩት። መጀመሪያ ይያዛል፣ ቀጥሎ ይነገራል። አራስ ሲሆን ደግሞ አገር በሙሉ አፉን ዘግቶ፣ እየሳቀ እየገባ እየሳቀ እየወጣ ቀኑን ይጠብቃል። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

የሀዲስ እናት ወይዘሮ የብርጓል ግቢው መካከል ቆመው ነበር። ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይሰነጠቃል። ሙሾ አውራጅ አልጠሩም፤ ራሳቸው አወረዱት።

«ውሃ መች አስፈራኝ ዋናተኛ ልጄ፣
አረም ሆኖ መጥቶ ነጠቀኝ ከእጄ።»

ቃልኪዳን አለቀሰች። እንባዋ የውሸት አልነበረም። ከእንባው ጋር ግን ሌላም ነገር መጣ፤ በኋላ ባስታወሰችው ቁጥር ፊቷን የሚያግለው እሱ ነው። «አገኘሁት» አለች በልቧ። ሰው እያለቀሰ፣ እሷም እያለቀሰች፣ መቅረጫው መሥራቱን በአውራ ጣቷ አረጋገጠች።

በጥንቃቄዋ ማንም አይከሳትም። የሟቹን ስም አላወጣችም። መንደሩን ከካርታው ላይ አስቀረችው። በፎቶዎቹ ላይ የሰዎቹን ፊት አደበዘዘች። እናቲቱ ሀዲስን በስሙ የጠሩበትን ስንኝ ቆርጣ አወጣች፤ መቆረጡ እንዳይታወቅ፣ ትንፋሹ ከትንፋሹ እንዲገጥም፣ ያንኑ ቦታ እየደጋገመች እያዳመጠች ስትለፋ ዋለች። ሲያልቅ ድምፁ እንከን አልነበረበትም።

ከዚያ ገጹን ሠራችው። አንባቢው «ጀምር» የምትለዋን ይጫናል። ጣቱን እየገፋ ሲያነብ መጀመሪያ ንጹሑ ሐይቅ ይመጣል፣ ቀጥሎ አረሙ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደተስፋፋ የሚያሳየው ካርታ፣ ቀጥሎ የዓሣ አጥማጆቹ ኑሮ። መጨረሻ ላይ አረም ላይ የተንጋለለች ባዶ ታንኳ ስክሪኑን ትሞላዋለች። ዓይኑ ታንኳዋ ላይ ሲያርፍ የእናትየው ድምፅ በራሱ ይነሳል።

«ድምፁን ሰው ሲፈልግ ይክፈተው» አለ ሙሐዲን። «ምልክት አድርጊለትና ይምረጥ።»

«ከመረጠማ አይሰማውም። ሀዘን ተመርጦ አይሰማም፤ ራሱ ነው የሚመጣብህ።»

«ቆንጆ አባባል ነው። አንቺ ቆንጆ አባባል ሲመጣልሽ እፈራለሁ።» ቀጥሎም «እናትየዋ ሰምተውታል?» አላት።

«ወንድማቸው ፈቅደዋል።»

«እኔ እናትየዋን ነው የጠየቅሁሽ።»

«ሙሐዲን፣ ሰውየው ቤተሰብ ናቸው፤ ፈቅደዋል አልሁህ እኮ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ቃልኪዳንም አልለቀቀችም። ሙሐዲን ተሸነፈና ዘገባው ወጣ።

ሰው ወደደው። እንቦጭ ሲባል የሚያዛጋው ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ እያለቀሰም ለወዳጁ ላከው። አዲስ አበባ ያሉ ጋዜጠኞች ስሟን እየጠሩ አመሰገኑ። ብዙም ሳይቆይ በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ለወጣት ጋዜጠኞች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ «ድምፅና ምስልን በጥንቃቄ ስለመጠቀም» እንድታስተምር ተጋበዘች። ሄደች፤ አስተማረች። ስም ስለ መደበቅ፣ ፊት ስለ ማደብዘዝ፣ አደራ ስለ መጠበቅ ስትናገር ወጣቶቹ ይጽፉ ነበር። በመጨረሻ ታንኳዋን ስታሳያቸውና ድምፁ ሲነሳ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ጭብጨባው ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን ረጅም ነበር።

አቶ አካሉ የደወሉት ቃልኪዳንና ወጣቶቹ ሻይ ሊጠጡ ወደ ሆቴሉ ግቢ እንደወጡ ነው።

«ደኅና ነሽ ወይ ልጄ? ቤተሰብ ደኅና ነው? ሥራው እንዴት ይዞሻል?» ሰላምታውን አንዱንም አላጎደሉም። እሷም እየሳቀች ሁሉንም መለሰች። ያ ሳቋም በኋላ ብዙ አሳፈራት።

«ባንቺአየሁ ሰማች» አሉ ከዚያ።

«እንዴት? ከማን ሰማች?»

«ከእናቷ። በስልክ ውስጥ።»

ቀስ ብለው ነገሯት። የባንቺአየሁ ባል አስማማው ቆላ ድባ ላይ እህል ነጋዴ ነው። ከመነሻው መርዶውን ያውቃል። ቤት ሲገባ ከሚስቱ ጋር ይጫወታል፤ መጋዘን ሲሄድ ከእህሉ ጆንያ ጀርባ ያለቅሳል። ወደ ቀብሩ እንዳይሄድ መንገዱ ያስጠረጥርበታል፣ ስለዚህ አልቀበረም። ዘገባውን አንድ ወዳጁ ሲልክለት ቢያንስ ላንብበው ብሎ ከሚስቱ መጋረጃ ወዲህ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። «ጀምር» የሚለውን ተጫነ። እያነበበ ወረደ። ታንኳዋ ላይ ሲደርስ አማቱ ስልኩ ውስጥ ማልቀስ ጀመሩ። ማጥፊያው የት እንዳለ ጠፋበት። ስልኩን ጭኑ ሥር ደበቀው፤ ድምፁ አልቆም አለ። ከመጋረጃው ወዲያ ልጅ የምታጠባው ሚስቱ «የእናቴ ድምፅ ነው» አለች።

«ልሰድብሽ አይደለም» አሉ አቶ አካሉ። «ስም አላወጣሽም፤ ቃልሽን ጠብቀሻል። ጡቷ ደርቆ ነበር፣ አሁን ይመስገነው መለስ ብሎላታል። ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የደወልሁልሽ።»

ቢሰድቧት በተሻላት። ከኋላዋ ወጣቶቹ ሻያቸውን ይዘው ጥያቄ ሊጠይቋት ይጠብቃሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ፊት ሸፍና፣ ስም ሸፍና፣ አገር ሸፍና ስታበቃ ድምፁን ገልጣ ነው ያወጣችው። እናት ደግሞ በፊቷ ብቻ አይደለም የምትታወቅ። ይህን የማያውቅ የእናት ልጅ የለም፤ ቃልኪዳንም ታውቀው ነበር። የማያውቁት ቢሆን እኮ ማፈር ባላስፈለገ።

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ማንንም ሳትሰናበት ወደ ፋሲሎ ተመለሰች። ሙሐዲን ቢሮ ነበር። ነገሩን ሳትቀመጥ ነገረችው፤ ከዚያ ማጥፋት ጀመረች። ድምፁን ከገጹ አነሳች፣ ቀጥላ ዘገባውን፣ ቀጥላ ከስልኳ፣ ከመቅረጫው፣ ከላፕቶፑ።

«ዋናውንም?» አላት ሙሐዲን።

«ዋናውንም።»

«ቆይ፣ ነገ ሲበርድልሽ…»

«አጠፋዋለሁ አልሁህ።»

ሲጠፋ ቀለል ያላት መሰላት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሙሐዲን «ብዬሽ ነበር» የምትለውን ቃል አልተናገራትም፤ ከፊቱ ላይ ግን አነበበቻት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ በስልክም አይታሽም። እናም ከባጃጅ ወርዳ የቀረውን በእግሯ ሄዳ ወይዘሮ የብርጓል ቤት ደረሰች። ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። የመጣችበትን ስትናገርና ጉልበታቸውን ልትስም ስትደፋ ይዘው አነሷት።

«እኔ ይቅር ብያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበልሽ» አሉ።

ይህን ያህል ፈጥኖ ይመጣል አላለችም። መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀችው ልመና አፏ ውስጥ ቀረ። ስታለቅስ አስቀመጧትና ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ።

«እኔ ነበርሁ የምነግራት» አሏት ከቆይታ በኋላ። «አካሉ ‹እኔ ልንገራት፣ አንች አይሆንልሽም› ቢለኝ እንቢ አልሁት። የወለድኋት እኔ፣ የማረዳት ሌላ? ቃሉን ሳሰናዳ ነው የከረምሁ። ውሃ ስቀዳ እለዋለሁ፣ እንጨት ስለቅም እለዋለሁ። መጀመሪያ ልጁን ከእቅፏ እቀበላታለሁ፣ እንዳይወድቅባት። ከዚያ እሷን እይዛታለሁ። ከዚያ ነበር የምነግራት።» እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። «አሁን ያ ቃል የት ይገባል? እዚህ ተቀምጧል። ልጄ ብቻዋን ሰማች። የሚይዛት ሳይኖር፣ ከኔው አፍ።»

«እማማ፣ ምን ላድርግልዎ?»

«ለኔማ ምን ታደርጊያለሽ። ሂጅና እሷን ጠይቂያት።»

ሄደች። በወረታ አድርጎ በአዘዞ በኩል ቆላ ድባ የሚገባው አውቶቡስ ቀኑን ይበላል፤ ቃልኪዳን ግን ቶሎ የደረሰች መሰላት። አስማማው ከደጁ ተቀበላት። ትከሻው የሰፋ፣ ዓይኑ መሬት የሚያይ ሰው ነው። ማን እንደሆነች ስትነግረው በእጁ ውስጡን አመለከተና እሱ ወዲህ ቀረ።

ባንቺአየሁ አልጋ ላይ፣ በነጩ የአራስ ልብሷ ላይ ጥቁር ሻርፕ ጣል አድርጋ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ለአራስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፤ ለሀዘንተኛ «እግዚአብሔር ያጽናሽ»። ሁለቱን አንድ አልጋ ላይ ያገናኘቻቸው እሷ ናት፤ በየትኛው ትጀምር?

«ድምፁን የቀዳሽው አንቺ ነሽ?» አለቻት ባንቺአየሁ።

«አዎ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። እንዳትሰሚ ብዬ ስሙን ቆርጬ አውጥቼው ነበር።»

«አውቃለሁ። እሱ ነው የገደለኝ።»

ቃልኪዳን አልገባትም። ባንቺአየሁም ዓይኗን ከልጇ ላይ ሳታነሳ ነገረቻት።

«ሦስት ወንድሞች ነበሩኝ። ሦስቱም ዓሣ አጥማጆች ናቸው፣ ሦስቱም ዋናተኞች ናቸው። እናቴ ‹ልጄ› ትላለች እንጂ ማን እንደሆነ አትልም። ይህን ባሌን ብጠይቀው ‹ተሳስተሻል፣ የሌላ ሴት ናት› ብሎ በማርያም ማለልኝ። እንዳልደውል ስልኬን ይዞብኝ ሄደ። አጎቴ በማግስቱ ደርሶ እስኪነግረኝ ሦስቱንም ቀበርኋቸው። አንዱን እቀብርና ‹ኧረ እሱ አይደለም› ብዬ አነሳዋለሁ፣ ሌላውን እቀብራለሁ።» ድምፏ ወደ ውስጥ ገባ። «ሀዲስ ነው ሲለኝ… ሁለቱ ተረፉልኝ ብዬ ደስ አለኝ። በወንድሜ ሞት ደስ አለኝ። ይህን ለማን እነግራለሁ? ለቄስ አልነገርሁት፣ ለእናቴ አልነገርሁት።»

ቃልኪዳን ያን ቀን ትንፋሽ ከትንፋሽ ስታጋጥም የዋለችበት፣ እንከን አልወጣለትም ብላ የኮራችበት ቁራጭ ትዝ አላት። ይህች ሴት ወንድሞቿን ሁሉ የቀበረችው እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። ሌላው ጥፋቷ የቸልተኝነት ነበር ሊባል ይችላል፤ ይህኛው ግን በጥንቃቄ የተሠራ ነው።

«ስሙን የጠራችበት አለሽ?» አለች ባንቺአየሁ። አሁን ቀና ብላ አየቻት። «ለቅሶው ላይ አልነበርሁም። እናቴ አሁን እኔ ፊት አታለቅስም፤ ወተቴን ፈርታ። ሀዲስን ስትጠራው መስማት እፈልጋለሁ።»

የቃልኪዳን እጅ ወደ ስልኳ ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ።

«አጠፋሁት» አለች።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ለማን ብለሽ?»

ለአንቺ ብዬ፣ ለእናትሽ ብዬ፣ ለአጎትሽ አደራ ብዬ። ሁሉም አፏ ላይ መጡ፤ ሁሉም ደግሞ ቆንጆ አባባሎች ነበሩ።

«ለራሴ» አለች። «እንዳያስጨንቀኝ።»

ልጁ ተነጫነጨ፤ ባንቺአየሁ ደረቷ ላይ አስጠግታ አባበለችው።

«ቃሉንስ ታስታውሺዋለሽ?»

እንዴት አታስታውሰው። ስትቆርጠው ውላ በየትኛው ፊደል ላይ እንደሚሰነጠቅ ሳይቀር ታውቀዋለች።

«አስታውሰዋለሁ። ግን የኔ ድምፅ…»

«ያንቺን ድምፅ ማን ፈለገው። ቃሉን ነው ያልሁሽ።»

ቃልኪዳን ልትጀምር ስትል አንድ ነገር ያዛት። ስልኳንና ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «አቶ አስማማው፣ ይግቡና ልጁን ይቀበሏት» አለች ወደ መጋረጃው። ሰውየው ገባ፤ ሚስቱን ቀና ብሎ ሳያይ ልጁን ከእቅፏ ተቀበለ፤ አልጋው ዳር ተቀምጦ በነጻው እጁ አንድ ክንዷን ያዘ። ቃልኪዳን በወዲህ በኩል ተቀምጣ ሌላውን ያዘች። ክንዷ ቀጭን ነበር።

ዜማ የላትም። እንደ ተማሪ፣ አንገቷን ደፍታ፣ እየተንተባተበች አለችው፦

«ሀዲስ ሀዲስ ብዬ ብጣራ ከዳርቻ፣
አገር ሁሉ ሰማኝ ዝም አልህ አንተ ብቻ።»

አገር ሁሉ ሰማኝ የሚለው ላይ ስትደርስ ዓይኗን ከመሬት ማንሳት አልቻለችም። ባንቺአየሁ ክንዶቿን አላስለቀቀችም። «ሀዲስ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ለአንድ ሰው ብቻ ማልቀስ ጀመረች።